ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል

በሰሜን ሸዋ ደጋ በሚገኘው የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር በዱር እንስሳት ክትትል ሥራ ላይ ሳለን ያጋጠመንን አንድ ነገር አዲስ ባልደረባ በተመደበ ቁጥር አነሣዋለሁ። በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ፣ ግልገሎች በበዙበት የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ አየና ግልገል ሊነጥቅ ነው ብሎ ስለ ሰጋ፣ በአቅራቢያው የነበረው እረኛ ውሻውን እንዲለቅበት ጠየቀ። ውሻው ሲሮጥ መንጋው እየጮኸ ወደ ገደሉ ወረደ፤ ቀበሮውም በጅብራ ተክሎቹ መካከል ተሰወረ።

አብረውን የነበሩት አዛውንት ጥበቃ በጣም አዘኑ። «ልጄ፣ ቀበሮው የመጣው ለአይጥ ነው» አሉት። «ጭላዳው የሸሸው እኮ ከቀበሮው አይደለም፤ ከውሻው ነው።»

በማግሥቱ ከርቀት ሆነን ስንመለከት ወጣቱ ራሱ አየው። ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣሩን በጣቶቻቸው እየነጩ ቀስ በቀስ ይንፏቀቃሉ፤ ቀበሮው ሳይሮጥ፣ ግልገሎቹን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በመካከላቸው ይራመዳል። ድንገት ቆም አለ፣ ዘለለ፣ አፉን ሣሩ ውስጥ ቀበረ፤ ቀና ሲል አይጥ ይዟል። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከሙከራዎቹ 25 በመቶው ሲሳካለት በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሲሆን ግን 67 በመቶው ይሳካለታል። መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸዋል፣ ወይም ቀበሮውን ከዐይናቸው ይከልለዋል የሚሉ ማብራሪያዎች ተሰጥተዋል። ጭላዳው በበኩሉ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አይታይም፤ አንዱ ተጠቅሞ ሌላው የማይጎዳበት የሕያዋን ግንኙነት ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ቀበሮው ግልገሎቹን የሚተወው ግን ለከንቱ አይደለም። ግልገል የነጠቀ ቀበሮ በመንጋው ተባርሮ የያዘውን እንዲጥል መገደዱና ዳግም እንዳይጠጋ መከልከሉ በተመራማሪዎች ተመዝግቧል፤ ሰላም ያፈረሰ ቀበሮ የአይጥ ማደኛውን ያጣል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በሣሩ ላይ ነው። ጭላዳው የሚኖረው በአብዛኛው ሣር በልቶ ነው፤ አይጡም ሣሩን ይመገባል፣ ይጠለልበታልም። ስለዚህ የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ዘግቶ የመጠበቅ ነባር ሥርዓቱ፣ ቤት መክደኛ ከማስገኘቱ በላይ ቀበሮውንም አቆይቶልናል ብዬ አምናለሁ።

በመንጋውና በቀበሮው መካከል ያልነበረውን አደጋ ይዞ የገባው ውሻው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም ለማይገኝ እንስሳ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። ይህን በዝርዝር ከተነጋገርን በኋላ፣ በቀጣዩ የሥራ ዕቅዳችን በዙሪያው ባሉ መንደሮች ውሾችን ማስከተብ ከቀበሮ ቆጠራው እንዲቀድም ሐሳብ ያቀረበው ያው ወጣት ነው፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አግኝቷል።