የቅፍርናሆም ዝምታ

ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብያለሁ። በጸሎት ኅብረታችን ቃሉን አንብቤ የማስረዳው ለዓመታት እኔ ነበርኩ። አገልግሎቱ በዕድሜ በብዙ ለሚያንሰኝ ወንድም ሲሰጥ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፈገግ ብዬ እጁን ጨበጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ የምቀመጠው ከኋላ ነው። ይህንንም ትሕትና አልኩት። እንዲያውም፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ትሕትናዬን የሚያይልኝ ሰው በዓይኔ እፈልግ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማርቆስ ምዕራፍ 9ን አነበብኩ። ጌታ አልፎ እንደሚሰጥ፣ እንደሚገደልና በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ለደቀ መዛሙርቱ ይነግራቸዋል። ነገሩ አልገባቸውም፤ እንዳይጠይቁትም ፈሩ። ይህን በሰሙበት ጆሮ ነው እንግዲህ መንገድ ላይ "ማን ይበልጣል" የተባባሉት። ቅፍርናሆም ደርሰው ቤት ሲገቡ ስለ ምን ትነጋገሩ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ዝም አሉ።

ስንት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ! ዛሬ ግን ያ ዝምታ አላሳልፍ አለኝ። ከውጭ ለሚያየው ጨዋነት ይመስላል፤ የጮኸ የለም፣ ቦታው ለእኔ ይገባል ያለ የለም። ውስጥ ውስጡን ግን የመንገዱ ክርክር ገና አልበረደም። የእኔ ሦስት ወር ከየት እንደመጣ እዚያ ላይ አየሁት።

ከዚያ ሕፃን ወስዶ በመካከላቸው አቆመ፤ አቀፈውም። ይህን ክፍል ስናነሣ ቶሎ የምንሮጠው ወደ ልጆች ንጽሕና ነው። ልጅ ያሳደገ ግን ያውቀዋል፦ ልጆችም ይቀናሉ፣ ይነጣጠቃሉ። ብቻ አይደብቁትም። የአምስት ዓመቷ ልጄ ታናሽ ወንድሟን አቅፌ ካየች "እኔንስ አባዬ?" ብላ እጇን ትዘረጋለች። የጫማዋ ክር ሲያስቸግራት እግሯን ወደ እኔ ታነሣለች። ያልገባትን ደግሞ ትጠይቃለች፣ ደግማ ትጠይቃለች። ለመለመን ዝቅ ማለት አያስፈልጋትም፤ ድሮም ያለችው እዚያው ነው። እኔ ግን ዝቅ ባልኩ ቁጥር ከስንተኛው ደረጃ እንደወረድኩ እቆጥራለሁ።

በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ነፍሱን ጡት በጣለ ልጅ የሚመስላት አጭር መዝሙር አለ። ጡት የሚጥል ልጅ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይቆጣል። በኋላ ግን እናቱ ጭን ላይ ለወተቱ ሳይሆን ለእርሷ ብሎ ይቀመጣል። ያ አገልግሎት ለእኔ ወተት ሆኖብኝ ኖሯል። እግዚአብሔርን ከእርሱ ለይቼ መፈለግ እችል እንደሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አላወቅኩም።

ማታ ስንበረከክ የለመድኩት ረጅሙ ጸሎት አልመጣልኝም። "አባት ሆይ፣ ቀንቻለሁ። ከፍቶኛል። እኔንስ?" አልኩ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ብዙ አለቀስኩ፤ ሳለቅስም ማንም ያየኝ እንደሆነ አላሰብኩም።

ለዚያ ወንድም ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ስልኩን ሁለቴ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ነገ ከሥራ በፊት እደውልለታለሁ።