ቢራቢሮዋ የት አደገች? ክንፏን ጠይቁ

ሞናርክ የምትባለዋ ብርቱካናማ ቢራቢሮ ከካናዳ ተነስታ ሜክሲኮ ተራራ ላይ ትከርማለች። ከየት እንደመጣች ለማወቅ ክንፏ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ መልቀቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ግን ከተለጠፈባቸው ውስጥ ተመልሰው የሚገኙት ጥቂት ናቸው። እኔ ካናዳ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራሁት ክንፉ ራሱ በያዘው ምልክት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ጥቂቱ ዲዩቴሪየም የሚባለው ከባዱ ዓይነት ነው። ደመና ከባሕር ርቆ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን ሲሄድ ከባዱን እያስቀደመ ያዘንባል፤ ሰሜን ላይ የሚደርሰው ዝናብ ቀላል፣ ማለትም ከባዱ ያነሰበት ይሆናል። ተክሉ ያንን ውሃ ይጠጣል፣ አባጨጓሬዋ ቅጠሉን ትበላለች፣ ክንፏም ከዚያው ይሠራል። ክንፍ ደግሞ አንዴ ከደረቀ አይታደስም። ተመራማሪዎቹ ዋሰናርና ሆብሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ሜክሲኮ ከሚከርሙት ግማሽ ያህሉ ከአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ እንደሚመጡ ያሳዩት በዚህ መንገድ ነው።

ሥራው ከእጥበት ይጀምራል። ቅባት ውጤቱን ስለሚያዛባ ክንፉን በክሎሮፎርምና በሜታኖል ድብልቅ አጥባለሁ። ሲደርቅ ሁሌም ከአንድ ቦታ እቆርጣለሁ። ከግማሽ ሚሊግራም ያነሰውን ቁራጭ በወረንጦ ይዤ ከብር በተሠራች ትንሽ ካፕሱል እጠቀልላለሁ። ትንፋሽ ይበቃዋል፣ ብን ይላል። ያን ሰዓት በሩን ማንም ባይከፍተው ደስ ይለኛል። ካፕሱሏ ከ1,300 ዲግሪ በላይ በጋለ ምድጃ ውስጥ ስትወድቅ ክንፉ ጋዝ ይሆናል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ከባዱንና ቀላሉን ሃይድሮጅን ይለያል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከእርጥበት ነው። የክንፉ ሃይድሮጅን በከፊል ከክፍሉ እርጥበት ጋር ይቀያየራል። ስለዚህ ልካቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች፣ ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ሰኮናና የአጋዘን ቀንድ ዱቄት፣ ከክንፎቹ ጋር እኩል ቀን ቆይተው አብረው ይለካሉ። እዚህ ላይ መጣደፍ አያዋጣም።

ሌላው፣ ቁጥሩ የመንደር አድራሻ አይሰጥም። ሰፊ የመሬት ቀበቶ ነው የሚያሳየው። "ከዚህ አልመጣችም" ለማለት ግን ያስደፍራል፤ ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ዘዴውን አገር ቤት ልሞክረው የሚል ካለ የሰሜን አሜሪካውን የዝናብ ሃይድሮጅን ካርታ ልማድ ይተው። ከፍታ ሲጨምር ዝናብ ይቀላል የሚለው ደንብ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ዝናቧ ለከፍታዋ ከሚጠበቀው የከበደ ነው። እኔም ሰሐራን የምታቋርጠዋን ፔይንትድ ሌዲ ቢራቢሮ እዚያ ላጠና ስለምፈልግ፣ መጀመሪያ የምሰበስበው በየቦታው የዘነበውን ውሃና እዚያው ያደጉትን አባጨጓሬዎች ነው።