ከአውሮራ እስከ ሞዓብ፦ ጀማሪውንም ልምድ ያለውንም ይዞ የሚወጣ የተራራ ብስክሌት ጉዞ ዝግጅት

በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ኮሎራዶና ወደ ዩታ ለምናደርገው ጉዞ ዝግጅታችን መልክ እየያዘ ነው። በዴንቨርና በአውሮራ ዙሪያ ያላችሁ፣ እንደኛው ችሎታው የተለያየ ቡድን ይዛችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ እስካሁን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

ከመካከላችን ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለሉ የሚወርዱ ወጣቶች አሉ፤ ማርሽ መቀየር በቅርቡ የተማሩም አሉ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ደግሞ ብስክሌት የነዱት ልጅ ሳሉ ባሕር ዳር ነው። በመጀመሪያው ስብሰባችን «እናንተ ሂዱ፤ እኔ መኪና እጠብቅላችኋለሁ» አሉን። ዕቅዱን የሠራነው ማንም መኪና ጠባቂ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

ስለዚህ መንገድ ከመምረጣችን በፊት መነሻ ቦታ መረጥን። ከአንድ መኪና ማቆሚያ ቀላሉም፣ መካከለኛውም፣ ከባዱም መንገድ መነሣት አለበት፤ ሁሉም በሰዓቱ እዚያው ተመልሶ ምሳ አብሮ መብላት አለበት። በ2021 የተከፈተው ፓሊሴድ ፕለንጅ በዚህ ምክንያት ከዕቅዱ ወጣ። ከግራንድ ሜሳ አናት 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ድንቅ መንገድ ነው፤ ግን ጀማሪ አንዴ ከገባበት አማራጭ የለውም። ወጣቶቹ ቅር ቢላቸውም ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከፍሩታ ከተማ በስተሰሜን፣ ከቡክ ክሊፍስ ገደል ሥር የሚገኘው 18 ሮድ የሚባለው የብስክሌት መንገዶች ሥፍራ ነው። ለዓላማችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ፕራይም ከት በሚባለው መንገድ እየተረጋጉ ይወጡና ከላይ ሲደርሱ እንደየችሎታቸው ይለያያሉ። ዚፒቲ ዱ ዳ ግራና ቀኙ ቁልቁል በሆነ ጠባብ ሸንተረር ላይ ስለሚሄድ ለደፋሮቹ ነው። ፒ ቢ አር ጉብታና መታጠፊያ ለለመደ ሰው ይስማማል። ከስል ራን የጀማሪዎቹ ነው፤ ደረቅ ፈፋ ውስጥ ገብቶ አንዱን ግድግዳ ከፍ ብሎ ይነካና ወደ ሌላው ይታጠፋል። ብስክሌቱ ከአንዱ ጎን ሲወርድ ያገኘው ፍጥነት ሌላውን ያወጣዋል፤ ስለዚህ ፔዳል ብዙ መምታት አያስፈልግም። ፍሬን ላይ የሚንጠለጠል ሰው ግን ይህን ጉልበት ስለሚያጣ ከፈፋው መካከል ይቆማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤር ክሪክ ሌክ ፓርክ የምንለማመደውም ይህንኑ ነው። ሴላውን ዝቅ ማድረግ፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጎ መቆም፣ ክርንን አጠፍ ማድረግ፣ ፍሬን ላይ አንድ ጣት ብቻ ማሳረፍ፣ ዓይንን ከፊት ጎማ አንሥቶ ወደ መታጠፊያው መጨረሻ መላክ። ጋሼን ያስቸገራቸው የመጨረሻው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አገጫቸውን ቀና አድርገው አሸዋማውን ኩርባ እግራቸው መሬት ሳይነካ ሲያልፉ አየናቸው። «እንድገመው» አሉ፤ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ጥበቃ ያነሣ የለም።

የ18 ሮድ አፈር ሸክላ ነው። ዝናብ ከነካው ጎማው እስከማይዞር ድረስ ይጣበቃል፤ በእርጥቡ የሚነዳም ሰው መንገዱን አበላሽቶ ይሄዳል። ከዘነበ ቀኑን ለውጠን በቀጥታ ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሞዓብ ከተማ እንነዳለን፤ የዚያ አሸዋና ድንጋይ ቶሎ ይደርቃል።

በሁለተኛው ቀን ሎማ አጠገብ ወዳሉት የኮኮፔሊ የብስክሌት መንገዶች እንሄዳለን። ጀማሪዎቹ ረስለርስ ሉፕን ይዞራሉ፤ የአነዳድ ምክር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ስላሉት ራሱ አስተማሪ ነው። ሌሎቹ ሆርስ ቲፍ ቤንችን ይሞክራሉ። የመግቢያው ድንጋይ እንደ ደረጃ ስለሚወርድ ብስክሌቱን ተሸክሞ መውረድ ምንም ነውር የለውም።

በሞዓብ ብራንድስ የሚባለው ቦታ አንዱን መነሻ ይሰጠናል። ዴድ ሆርስ ፖይንት ደግሞ ለሁሉም የሚሆን ለስላሳ መንገድ አለው፤ የኮሎራዶ ወንዝ 600 ሜትር ያህል ከታች ይታያል። ስሊክሮክ የሚባለው የሞዓብ መንገድ መጀመሪያ በ1969 ለሞተር ብስክሌት የተከፈተ ነው፤ አቀበቱ ጡንቻ ስለሚጨርስ ልምድ ያላቸው ብቻ በማለዳ ይሄዱበታል። አንድ ነገር አደራ፦ ከመንገዱ ዳር የሚታየው ጥቁር ሻካራ የአፈር ቅርፊት ሕይወት ያለው ነው። አንዴ ከተረገጠ ለማገገም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። የከበደው ሰው ወርዶ በመንገዱ ላይ ይግፋ እንጂ በዳር አይዙር።

ወሩን የመረጥነው አስበን ነው። በሐምሌ የሞዓብ ሙቀት 37 ዲግሪ ይደርሳል። በጸደይ አየሩ ጥሩ ቢሆንም ሁዳዴ ነው፤ ከመካከላችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ስላሉ ያለ ውኃ በረሃ ላይ ማስነዳት አይሆንም። በጥቅምት ቀኑ ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱ ግን ስለሚበርድ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አልረሳንም። ሥጋውን እናቶች ዘልዝለው ይሰጡናል። ለመንገድ በሶና ዳቦ ቆሎ እንይዛለን። 18 ሮድ ላይ የሚጠጣ ውኃ ስለሌለ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሦስት ሊትር ለመንዳት ብቻ መድበናል።

እስከ ፍሩታ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አራት ሰዓት ይወስዳል። ዓርብ ማታ ወደ ምዕራብ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ዴንቨር ያለው መጨናነቅ አድካሚ ስለሆነ ሐሙስ ወጥተን ሰኞ እንመለሳለን። በአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምናልፍ በረዶ ሊገጥመን ይችላል፤ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮም የመኪና ጎማ ጥርስ በሕግ ይጠየቃል። የሁለቱ መኪኖቻችን ጎማ ተለውጧል።

የቀረን የብስክሌቶቹ ምርመራ ነው። በዚያ አካባቢ ጎማ የሚበሳ እሾህ ስለሚበዛ ጎማዎቹ ውስጥ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ እንጨምራለን፤ ለየጎማው መጠን ትርፍ ካላማዳሪ፣ የካቴና ማያያዣና የፍሬን ሸራ እንይዛለን። የጋሼ ብስክሌት የፊት ፍሬን ገና ይንሸራተታል፤ እሱን በዚህ ቅዳሜ እንፈታዋለን።