የፊደል እግር አይነካም፦ በአማርኛ ግራፊቲ ስጽፍ የተማርኩት

ግራፊቲ ከሥዕል በፊት የስም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፊላደልፊያ ላይ ኮርንብሬድ የሚባል ልጅ ስሙን በየግድግዳው ይጽፍ ነበር። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ታኪ 183 መጣ። መልእክት እያደረሰ ከተማዋን ሲያካልል፣ በሄደበት ሁሉ ስሙንና የመንገዱን ቁጥር ትቶ ያልፋል። በ1971 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ እሱ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ተከታዩ በዛ።

እኔን የሳበኝ ግን ከታሪኩ ይልቅ ፊደሉ ነው። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ እጅ አለው። የፊላደልፊያ ታግ፣ ማለትም በአንድ ቀለም ቶሎ የሚጻፍ የስም ፊርማ፣ ረጅምና ቀጭን ነው። ኒውዮርክ ፌዝ 2 የተባለው ጸሐፊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው፣ አየር የተነፋባቸው የሚመስሉ ድብልብል ፊደላት አሏት። ሳኦ ፓውሎ ላይ ቀጥ ያሉ ሹል ጥቁር ፊደላት የሕንፃውን ፊት ከላይ እስከ ታች ይሞሉታል። ፎቶውን ብቻ አይቶ ከተማውን የሚናገር ሰው አለ።

የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራ የምሄደው በሬድ ላይን ባቡር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዩኒየን ስቴሽን እስኪቃረብ ድረስ ባቡሩ ከመሬት በላይ ነው የሚሄደው። በመስኮት የመጋዘን ጀርባ ይታያል፤ የዋሽንግተን ግራፊቲም ያለው እዚያ ነው። የከተማዋ ታዋቂ ጸሐፊ ኩል “ዲስኮ” ዳን በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ስሙን የተከለው በዚህ መስመር ነው። በ2017 አረፈ። ጽሑፉ ጌጥ አይበዛበትም ነበር። ባቡር ውስጥ የተቀመጠ ማንም ሰው ያነበዋል። የዋሽንግተን የራሷ የሆነው የጎጎ ሙዚቃ ወዳጁም፣ ከረቫት ያሰረው የመንግሥት ሠራተኛም እኩል ያውቁት የነበረው በዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ የኛ ፊደል የታለ? አልኩ። በዚህ አካባቢ አማርኛ የሚያነበው ሰው ስንትና ስንት ነው። ፊደላችን የሬስቶራንት ታፔላ ላይ አለ። በሥዕል ሸራም ገብቷል፦ እስክንድር ቦጎሲያን እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሯል፤ ፊደልን የሥዕሉ ዋና ጉዳይ ያደረገው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም በ1980 ከዚያው ተመርቋል። በስፕሬይ ቀለም ግድግዳ ላይ የተጻፈ አማርኛ ግን በመንገዴ አላጋጠመኝም። እና ራሴ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ስም መረጥኩ፦ ለዛ። ሁለት ፊደል ብቻ፣ ለእጅም የሚቀል።

መጀመሪያ የገዛሁት ቀለም ሳይሆን ደብተር ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ማታ ማታ ለ እና ዛን ስነድፍ ከረምኩ። በላቲን ፊደል የሚሠራውን ጌጥ ሁሉ አመጣሁበት፦ ቀስት፣ ጭራ፣ ጥላ። ከዚያ አክስቴን አስነበብኳት። አክስቴ ስለ ግራፊቲ የምታውቀው ነገር የለም፤ የመረጥኳትም ለዚሁ ነው። ከለ ቀኝ እግር ሥር ቀስት ያወጣሁበትን ገጽ መነጽሯን አድርጋ አየችና፣ “ሊዛ ማን ናት? ጓደኛህ ናት?” አለችኝ።

የትምህርቱ ሁሉ መነሻ ይህ ሆነ። በላቲን ፊደል ከእግሩ ቀስት ብታወጡለትም አር ያው አር ነው። የኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚሸከመው በእግሩና በቀለበቱ ነው። የለን ቀኝ እግር ብታስረዝሙት ላ ነው። ከሥሩ ወደ ቀኝ ብትቀጥሉበት ሊ፣ ቀለበት ብታስሩለት ሌ። ዛም ያቺን ወደ ታች የወረደች እግር ካጣች ዘ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ እግር አይነካም። ጌጡ ወደ ራስ፣ ወደ ግራ ትከሻና ወደ ውስጥ ሙሌቱ ይሂድ። የለ ራስ ሰፊ ነው፤ እዚያ ላይ የፈለጉትን ቢያደርጉ አንባቢ አይጠፋበትም።

የመስመሩን ውፍረት ከብራና ጽሑፍ ወሰድኩ። በመቃ ብዕር የተጻፈ ቁም ጽሕፈት እግሩ ወፍራም፣ ማያያዣው ቀጭን ነው። እኔም ለእግሩ ሰፊ የሚረጭ ካፕ (የጣሳው አፍ ላይ የሚገጠም መርጫ)፣ ለማያያዣው ቀጭን ካፕ አደረግኩ። ፊደሉ ወዲያው ቆመ። ከሁሉም በላይ የምኮራበት ውሳኔ ይህ ነው።

ግድግዳውን በተመለከተ ገና ከጅምሩ የቆረጥኩት ነገር አለ። ያለ ፈቃድ አልጽፍም። የሰው ንብረት ነው፤ ደግሞም ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ስደተኛ ፖሊስ ቢይዘው ጣጣው በቅጣት ብቻ ላያበቃ ይችላል። ባልቲሞር ውስጥ ስቴሽን ኖርዝ በሚባለው ሰፈር ግራፊቲ አሊ የሚሉት መተላለፊያ አለ። እዚያ መጻፍ የተፈቀደ ነው። ከዩኒየን ስቴሽን በማርክ ባቡር ፔን ስቴሽን ወርዶ በእግር ይደረሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውን በሮለር በውኃ ቀለም እቀባለሁ፤ ርካሽ ነው፣ የድሮውንም ይሸፍናል። ቀጥሎ በፈዛዛ ቀለም ንድፉን አወጣለሁ። ከዚያ ሙሌቱ፣ ከሙሌቱ ጥላው፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ዙሪያ መስመር። ቀጭን መስመር ሲፈለግ ጣሳውን ወደ ግድግዳው ማስጠጋትና እጅን ማፍጠን ነው፤ እጅ ከዘገየ ቀለሙ ይወርዳል። በብርድ ቀን ግፊቱ ይደክማል፣ ስለዚህ ሞቅ ያለ ቀን ጠብቁ። ማስክ ስትገዙ የአቧራውን ሳይሆን ለቀለም ጭስ የሚሆን ማጣሪያ ያለውን ግዙ። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

አንድ በዕድሜ የገፋ የባልቲሞር ጸሐፊ አጠገቤ ይሠራ ነበር። ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀኝ። የእግሩን ነገር በጣቴ እያሳየሁ አስረዳሁት። ዝም ብሎ አየና፣ “ታዲያ ጥላውን ለምን ወደ ቀኝ ትጥለዋለህ? ምልክቶቹ ያሉት ቀኝ አይደል? ወደ ግራ ጣለው” አለኝ። አንድ የአማርኛ ፊደል የማያውቅ ሰው ነው ይህን ያየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላዬ ወደ ግራ ነው። ፊደል በፊደል ላይ ስደርብም የፊተኛውን ከላይ፣ የኋለኛውን ከሥር አደርጋለሁ፤ የፊተኛው ቀኝ ጎን እንዳይሸፈን።

ያልተጻፈውንም ሕግ ከእሱ ነው የሰማሁት። ከአንተ የተሻለ ሥራ ላይ አትጽፍም። በታግ ላይ ፒስ፣ ማለትም በቀለም የተሞላ ትልቅ ሥራ፣ መሥራት ያስኬዳል፤ በፒስ ላይ ታግ መሞነጫጨር ግን ንቀት ነው። የጸሎት ቤትና የሙታን መታሰቢያ አይነካም። ፈቃድ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሥራህ ብዙ አይቆይም፤ ሌላው መጥቶ ይሠራበታል። ይህን ሳይቀበሉ እዚያ መሄድ ለጠብ ነው። ጨርሼ ፎቶ አነሳለሁ፣ ባዶ ጣሳዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።

አሁን የያዝኩት ጠ እና ሐን ነው። ሦስት እግር ይከብዳል፤ ስታወፍሯቸው መሃል ያለው ክፍተት ይደፈናል። ለጊዜው የመሃለኛዋን እግር በሌላ ቀለም እየሞላሁ ነው፣ እየተነበበም ነው። በፊደላችን የምትጽፉ ካላችሁ፣ ይህን ክፍተት እንዴት እንደምትይዙት ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።