የትኛው 1955?

ሜዳሊያው አንድ ፊቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ ሌላው ላይ የዘንባባ ጉንጉንና በፈረንጅ ቁጥር 1955 አለበት። ስም የለውም፤ የሠራው ቤት ምልክትም የለውም። ሪባኑ ጠፍቶ ማንጠልጠያው ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ አካባቢ ካሉት ሱቆች ሲገባ ብዙ ጊዜ ማንም ጊዜ አያጠፋበትም። ዓመቱ ይነበባል፣ ታሪክ ይለጠፍበታል፣ መስታወት ውስጥ ይገባል።

ይዘውት የመጡት ሴት ግን አስቀድመው ሌላ ሱቅ አሳይተውት ነበር።

«እዚያ ያለው ልጅ የአፍሪካ አንድነት ሲመሠረት የተሰጠ ነው አለኝ» አሉ።

«ዓመቱ ይገጥማል እትዬ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ነው የተመሠረተው» አለ ባለሱቁ፣ ሜዳሊያውን ገና ሳያነሳ።

«ታዲያ አባቴን ማን ሸለመው? ክብር ዘበኛ ነበር። በታኅሣሡ ግርግር፣ በ53 ነው የሞተው። እኔ ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ሣጥን ውስጥ አውቀዋለሁ።»

ባለሱቁ ሜዳሊያውን ያነሳው ያኔ ነው።

የሴትየዋ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። የዚያ ዘመን ሳንቲሞች ዓመታቸውን በግእዝ ቁጥር ነው የያዙት፤ ፲፱፻፴፮ ያለው ሳንቲም በማን አቆጣጠር እንደሆነ አያከራክርም። በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ 1955 ግን ሁለት በር አለው። በእኛ ከሆነ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ዓመት ነው። በፈረንጆች ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 1948 ላይ የተከበረው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥና 25ኛ ዓመት፣ የብር ኢዮቤልዩው ነው። ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል ሲወርዱ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመው የድንጋይ አንበሳም የዚያው በዓል ሥራ ነው። በዚህ ላይ ብረት ላይ የተጻፈ ዓመት ሁልጊዜ የተሠራበት ዓመት አይደለም። የኦስትሪያዋ ብር ማርያ ትሬዛ 1780 እንዳለች ከመቶ ዓመት በላይ ስትታተም ኖራለች፤ ባለ ፲፱፻፴፮ ሳንቲሞችም ያንኑ ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዓመት ታትመዋል። ስለዚህ ዓመቱን ትቶ ብረቱን መጠየቅ ግድ ነበር።

መጀመሪያ ሚዛን። በደረቁ 22.40 ግራም። ከዚያ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ሜዳሊያው በቀጭን ክር ታስሮ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ይሰጥማል። የሚነበበው 2.55 ነው። 22.40 ለ2.55 ሲካፈል 8.78 ይመጣል፤ ከውሃ ይህን ያህል እጥፍ ይከብዳል፣ ነሐስ (የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ) ማለት ነው። የምኒልክ ብርም ሆነች ማርያ ትሬዛ በዚህ መንገድ ቢለኩ ከ10 በላይ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ማንጠልጠያው ሥር የሚደበቅ የአየር አረፋ ነው። ንባቡን 0.05 ብቻ ቢጨምረው ውጤቱ 8.62 ይሆንና ነሐሱን ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ያስመስለዋል። ውሃው ውስጥ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አረፋውን ታስለቅቃለች።

ቀጥሎ ጠርዙ በማጉያ ታየ። የተፈሰሰበት መስመርም የሞረድ ጭረትም አልነበረውም፤ ተመትቶ የተሠራ እንጂ ከሌላ ላይ ተቀድቶ የፈሰሰ አይደለም። ማንጠልጠያው ደግሞ ተበይዶ የተጨመረ ነው። ሆኖም በብየዳው ስንጥቅ ውስጥ የወርቅ ቅብ ቀርቷል። ቅቡ ብየዳው ላይ ካለፈ ማንጠልጠያው ከቅቡ በፊት ነው የተበየደው፤ ሜዳሊያው ከመጀመሪያውም ደረት ላይ ሊንጠለጠል ታስቦ ተሠርቷል።

ቅቡ የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። የቀድሞው ሱቅ ሻጭ «እንዲያምርልዎት» ብሎ በናስ መወልወያ ሁለቱንም ፊት ፈትጎታል። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። መወልወያ ቅቡን ብቻ አይወስድም፤ በፊደሎቹ ጥግ የተጠራቀመውንና ለዓይን ቅርጻቸውን የሚያወጣውን ጥቁረትም ይጠርጋል፣ ከፍ ያለውንም ይልጋል። ጉንጉኑ መካከል የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ ነው ባዶ ሜዳ የመሰለው።

መብራቱ ጠፋ። የስልክ ባትሪ ከጠረጴዛው ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ከጎን በራ። መብራቱ እንዳለ ሆኖ ሜዳሊያው ነው በዝግታ የሚዞረው፤ ጥላው የሚወድቅበት አቅጣጫ እስኪገኝ ድረስ። አንዱ ጎን ላይ ሲደርስ ከጉንጉኑ መካከል ሁለት ምልክቶች ብቅ አሉ። እዚሁ ሱቅ የሚሠራው ልጅ ስስ ወረቀት አልብሶ በለስላሳ እርሳስ አግድሞ አሸው። ወረቀቱ ላይ የወጣው ፳፭ ነው።

«ሃያ አምስት» አለ ልጁ። «ጋሼ፣ ኢዮቤልዩው ነው!»

ሴትየዋ አለቀሱ። ባለሱቁ ጠበቃቸውና ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፈላቸው፦ «የንግሥና 25ኛ ዓመት መታሰቢያ፣ 1948 ዓ.ም.። ነሐስ፣ የወርቅ ቅብ የነበረው፣ 22.40 ግራም።» በሌላ መስመር ደግሞ፦ «የክብር ዘበኛ አባል ንብረት የነበረ፣ በልጃቸው ቃል መሠረት።»

«በልጃቸው ቃል ማለት ምንድን ነው? አታምነኝም?»

«አምንዎታለሁ እትዬ። የእርስዎ ቃል ባይኖር እኔም የአፍሪካ አንድነት ብዬ ነበር የማስቀምጠው። ሜዳሊያው ግን የበዓሉን ስም እንጂ የአባትዎን ስም አይናገርም። ያልተቀረጸውን የተቀረጸ አስመስዬ ብጽፍ ነገ የሚያነበው ሰው ላይኛውንም መስመር አያምነውም።»

ዝም ብለው ቆዩና «የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ። ደብረ ዘይት፣ ታናሽ እህቴ ጋ» አሉ።

ባለሱቁ የሚታየውን ነገራቸው። ግራ ደረት ላይ ስንት ሜዳሊያ እንደተደረደረ፣ የማንጠልጠያው ቅርጽ፣ የሪባኑ መስመሮች ብዛትና ስፋት። ፎቶው ከነፍሬሙ ይምጣ፣ ከመስታወቱ አይላቀቅ፤ የተጣበቀ እንደሆነ ሲላቀቅ ምስሉ ይላጣል። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም ቀን ካለ ከምስሉ እኩል ይፈለጋል። ሜዳሊያውን አልሸጡም፤ በመሐረብ መልሰው ሊጠቀልሉት ሲሉ ልጁ የጥጥ ጨርቅ ሰጣቸው።