የሒሳብ ሰራተኛ ማጅራት፦ ከሐምሌ እስከ ጥር የያዝኩት ማስታወሻ

ሒሳብ ክፍል የምትሰሩ ሰኔን ታውቁታላችሁ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተወራረደው ይወራረዳል፣ የጠፋው ደረሰኝ ይፈለጋል፣ ቅዳሜም ቢሮ ይገባል። ያለፈው ሰኔ ሲያልቅ አንገቴ አልዞር አለኝ። ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ ከነወንበሬ ነበር የምዞረው።

ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። እማዬ «ብርድ ነው የመታህ፣ መስኮት ስር አትቀመጥ» አለችኝ። ጋሼ የምንላቸው የክፍላችን አንጋፋ ወጌሻ ጠቆሙኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ዲክሎፌናክ አሉ። ዲክሎፌናክ ያስታግሳል፣ አይካድም። ግን ጨጓራ ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም፤ የእኔ ጨጓራ ደግሞ ከድሮም አመለኛ ነው። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ባለሙያዋ አንገቴን፣ ትከሻዬንና እጄን አየችና «የት እንደሚያምህ፣ መቼና ምን ስትሰራ እንደሚብስብህ ጽፈህ አምጣ» አለችኝ። ጻፍ የተባለ የሒሳብ ሰው ምን ያደርጋል? ኤክሴል ከፈትኩ።

ሐምሌ

ዓምዶቹን ከራሴ አላመጣሁም። በኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ) አገሮች ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ፣ የኖርዲክ መጠይቅ የሚባል ነገር አለ። የሰራተኛን የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ለማጥናት ዛሬም ይሠራበታል። ሰውነትን 9 ቦታ ይከፍላል፦ አንገት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የላይኛው ጀርባ፣ ወገብ፣ ዳሌና ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና እግር። ለእያንዳንዱ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና መውጫ ላይ ከ0 እስከ 10 እሰጥ ጀመር። ከዚያ «የተሠራ ሥራ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ።

ነገሩን ያወጣው ይሄ የመጨረሻው ዓምድ ነው። በፊርማ መዝገቡ መሠረት እኔ አንድም ቀን አልቀረሁም። 2፡30 ገብቼ 11፡30 ወጥቻለሁ። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ግን የአንገቴ ቁጥር ከ5 ሲያልፍ ሥራው ይንቀራፈፋል። የባንክ ማስታረቂያ ላይ፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ ዝርዝር ጋር ሳመሳክር፣ አንዱን መስመር ደጋግሜ አነባለሁ። ልዩነት ይመጣል። ልዩነቱን ለ9 ሳካፍለው ያለቀሪ ይካፈላል። የሒሳብ ሰው ይሄ ምን እንደሚጠቁም ያውቃል፤ አሃዝ ተገላብጧል፤ አንድ ቦታ ለምሳሌ 54 መሆን የነበረበት 45 ሆኖ ገብቷል። ቁጥር የተገላበጠባቸውን ቀናት ከሕመሙ ዓምድ ጋር ሳስተያያቸው አብዛኞቹ የባሱ ቀናት ሆነው ተገኙ።

የቀረ ሰው ይታወቃል፣ የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ ይመዘገባል። ተገኝቶ በግማሽ ጉልበት የሚሠራውን ግን የሰው ኃይል ክፍል አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን እንደሆነ ይገልጻል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ እየፈረመ ወንበሩ ላይ ይውላል?

አንድ ነገር ከመቀጠሌ በፊት። እጅ ወይም እግር እየደነዘዘ ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ሕመሙ ከአደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ የኤክሴል ጉዳይ አይደለም። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው።

ነሐሴ

ሰንጠረዡን ይዤ ተመለስኩ። ባለሙያዋ «ቀኝ ትከሻህ ለምንድነው ከግራው ሁለት እጥፍ የሆነው?» አለችኝ። ማውሱ ነበር፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ የቁጥር ሰሌዳው።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የሚውል ሰው ከኪቦርዱ በስተቀኝ ካሉት ቁጥሮች እጁን አያነሳም። እነሱ ቦታ ስለሚይዙ ማውሱን ወደ ውጭ ይገፉታል። በማስመሪያ ስለካው ከፊደሎቹ መሃል እስከ ማውሱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ማለትም ቀኝ ክንዴ ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ርቆ ተዘርግቶ ይውላል። ክንድ ተዘርግቶ እንዲቆይ ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደው ጡንቻ ሳያርፍ ይወጠራል። ሸክሙ ቀላል ነው። ችግሩ እረፍት የለውም፤ ሳይፈታ የተወጠረ ጡንቻ ደም እንደልቡ አይዘዋወርበትም።

መፍትሔው ብር አላስወጣም። ማውሱን ወደ ግራ እጄ አዞርኩት። መጀመሪያ ላይ ግራ እጄ እንደ ሰካራም ነበር፤ «ሰርዝ» የሚለውን ለመጫን ስሄድ «አስቀምጥ» ላይ አርፋለሁ። ባልደረቦቼ በደንብ ሳቁብኝ። ከለመደ በኋላ ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ቀኝ እጄ ከቁጥሮቹ ሳይነሳ ግራው እየጠቆመ ስለሚሄድ ማስገባቱ ራሱ ፈጠነ።

ሁለተኛው ጣጣ ወረቀቱ ነው። ቫውቸሮቹን (የክፍያና የገቢ ማስረጃ ወረቀቶቹን) በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር የማስገባው። አንገት ወደ ታች ይደፋል፣ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ወደ ስክሪን ይመለሳል፤ ለአንድ ቫውቸር ብዙ ጊዜ። አሁን ባዶ ቦክስ ፋይል በኪቦርዱና በሞኒተሩ መካከል ዘንበል አድርጌ አቁሜ ቫውቸሩን እሱ ላይ አስደግፋለሁ። ዓይኔ ብቻ ነው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው።

ሞኒተሩንም የላይኛው ጠርዙ ከዓይኔ ትይዩ እንዲሆን በሁለት እሽግ ኤ4 ወረቀት ከፍ አደረግኩት። ፎቶ ኮፒ ክፍል ወረቀት ያለቀ ዕለት መጥተው ከስሩ መዘዙብኝ። ማንም የማይጠይቃቸው የድሮ መዝገቦች ተተኩ። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ግን ከፍ ስታደርጉት ኪቦርዱም አብሮ ስለሚወጣ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ያስፈልጋችኋል። ያለዚያ አንገቱን አድናችሁ አንጓውን ትጎዳላችሁ።

መስከረም

ወንበር ጠየቅኩ፣ «በጀት የለም» ተባልኩ። በጀቱን የማየው እኔው ስለሆንኩ አልተከራከርኩም። ፎጣ ጠቅልዬ ወገቤ ጋ አደረግኩ፣ እግሬ ስር ካርቶን አስገባሁ። ይበቃል።

ብዙ ሰው የወገብ ቀበቶ ግዛ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን ከማይመከሩት ውስጥ አስገብቶታል፤ ከሚመከሩት አንዱ እንቅስቃሴ ነው። ተውኩት።

ኅዳር

የጠረጴዛው ነገር ሕመሙን ከ7 ወደ 4 አወረደውና ቆመ። ከዚያ ወዲህ የረዳኝ ጉልበት ማሠራት ነው። ዴንማርክ ውስጥ አንገትና ትከሻቸውን ቶሎ ቶሎ በሚያማቸው 198 ሰዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን በቀን 2 ደቂቃ፣ ሌላው 12 ደቂቃ በላስቲክ ትከሻውን አሠራ፤ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ10 ሳምንት። ምንም ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ የሁለቱም ሕመም ቀነሰ። 2 ደቂቃ! ለዚህም ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ላስቲኩን ከብስክሌት ጠጋኝ በትንሽ ብር ገዛሁ፤ ጎማ ውስጥ የሚገባው ነው። መሃሉን እረግጣለሁ፣ ሁለቱን ጫፍ እይዛለሁ፣ እጆቼን ወደ ጎን እስከ ትከሻዬ ከፍታ አነሳለሁ፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ከምሳ መልስ፣ ማንም ሳይገባ።

ሌላው መነሳት ነው። ቡና የምታፈላልን እህት ስኒውን ጠረጴዛዬ ድረስ ታመጣልኝ ነበር፤ አሁን እኔ ረከቦቱ ጋ ሄጄ ቆሜ እጠጣለሁ። ስልክ ሲመጣም በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ከመወሸቅ ቆሜ አወራለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ ስነሳ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ሰንጠረዡን አሳየሁት፣ ሕመሙን ሳይሆን የሥራውን ዓምድ። ከዚያ ወዲህ አላየኝም።

ጥር

ትልቁ ፈተና የግማሽ ዓመቱ መዝጊያ፣ ታኅሣሥ 30 ነበር። ሁለት ምሽት አምሽቻለሁ፤ አንገቴ 5 ደረሰና በሳምንቱ ወደ 2 ወረደ። ለ9 የሚካፈል ልዩነት ግን አልገጠመኝም። ማስታረቂያው ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚበላ ነበር፣ አሁን ከምሳ በፊት ያልቃል። ሁሉንም ለአንገቴ አልሰጥም፤ የተሻለ የባንክ ዝርዝርም እየላኩልን ነው።

ወገቤ ብዙም አልተለወጠም። ከሥራ በፊትና በኋላ ታክሲ ላይ የምታጠፍበት ሰዓት በሰንጠረዡ አልገባም ነበር፤ ከዚህ ወር ጀምሮ አስገብቼዋለሁ። ግራ አንጓዬ ደግሞ 1 እና 2 ማሳየት ጀምሯል። ማውሱን በየሳምንቱ ከእጅ እጅ እያቀያየርኩ ልየው ብያለሁ። ከኪቦርዱ ተለይቶ የሚሸጥ፣ ቁጥር ብቻ ያለው ሰሌዳም አለ ይባላል፤ ያንን ካገኘሁ ያለ ቁጥር አጭር ኪቦርድ እጠቀምና ማውሱ በቀኝም ቢሆን ይቀርበኛል። መርካቶ ወይም መገናኛ አካባቢ ያያችሁት ካላችሁ ዋጋውን ንገሩኝ።