ለባሕር ዳር ዙሪያ የተራራ ሳይክል ስታዘጋጁ፦ ከጎማ ጀምሩ

ሳይክሉን ለባሕር ዳር ዙሪያ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሾክ ነው፤ ስንት ሚሊ የሚሰምጥ ይሁን፣ የአየር ይሻላል ወይስ የሞላ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳር የተዘረጋች ሜዳ ናት። የቤዛዊትን ኮረብታ ወጥታችሁ ብትወርዱ እንኳ ቁልቁለቱ ሾክ የሚያስጨንቅ አይደለም። እዚህ ሰው ሳይክሉን ተሸክሞ የሚመለሰው በጭቃና በእሾህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ወደ ጎማ፣ ቀጥሎ ወደ ፍሬን ይሂድ፤ የተረፈ ካለ ስለ ሾክ ያኔ እንነጋገራለን።

መጀመሪያ አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀዩ አፈር ሲዘንብበት ያንሸራትታል እንጂ ያን ያህል አይጣበቅም፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይነዳበታል። ጥቁሩ መረሬ ግን ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የነካውን ሁሉ ይይዛል። ጎማው በመጀመሪያው ዙር ስስ ጭቃ ይለብሳል፣ በሁለተኛው ይደረባል፣ ሣርና ገለባ ሲገባበት እንደ ግድግዳ ምርጊት ይጠነክራል። ብዙ ሳትርቁ በጎማውና በሾኩ ቅስት መካከል ያለው ክፍተት ይደፈንና የፊት ጎማው አልዞርም ይላል። ኋላ ደግሞ ጭቃው ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ይጠቀጠቃል። በዚህ ሰዓት "ትንሽ ልግፋበት" ብሎ ፔዳል የሚረግጥ ሰው መቀየሪያውን ወደ ራጂው ያስገባዋል፤ ሃንገር የሚባለው፣ መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ አልሙኒየም ይሰበራል፤ ጉዞውም እዚያው ያበቃል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎማው መክበድ እንደጀመረ ውረዱ። ሳይክሉን አትግፉት፣ አንሡት፤ እየገፋችሁ ከሄዳችሁ ጭቃው መደረቡን ይቀጥላል። ጭቃውን በእንጨት ፍቃችሁ አውጡ፤ ካቴናውንና የመቀየሪያውን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ሳታጸዱ አትርገጡ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ግን ከነጭራሹ መረሬ ውስጥ አለመግባት ይሻላል። የዚያ ወቅት መንገድ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና ጠጠር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው፤ አፈሩ ጠጥሯል፣ አቧራውም ገና አልበዛም። በበጋ መረሬው ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሲሆን የፊት ጎማ ይውጣል፣ ስለዚህ አግድም ቁረጡት። እህል ባለበት ጊዜ ደግሞ የእግር መንገዱን አትልቀቁ፤ ጭቃ ለመሸሽ ብሎ የገበሬውን ጤፍ መርገጥ ነውር ነው።

ወደ ጎማው እንምጣ። ስፋቱ ከ2.1 እስከ 2.25 ኢንች ቢሆን ለዚህ አካባቢ ይበቃል። 2.4 ብታስገቡ አሸዋና ሥር ላይ ይመቻል፤ ነገር ግን ብዙ ፍሬሞች ላይ በጎማውና በፍሬሙ መካከል የሚተርፈው ክፍተት ጥቂት ሚሊ ብቻ ስለሚሆን የመጀመሪያው ጭቃ ይዘጋዋል። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይቅር። ጥርሱ መካከለኛ ቁመት ያለውና የተራራቀ ይሁን፤ ተጠጋግቶ የተደረደረ ጥርስ ኮብልስቶን ላይ ይሮጣል፣ ጭቃ ሲይዝ ግን አይለቅም። ኋላ ትንሽ ጠፍጣፋ፣ ፊት ጥርሱ የጎላ ማድረግ ብዙዎች የሚስማሙበት ነው። ምክንያቱም የኋላ ጎማ ሲንሸራተት መልሶ መያዝ ይቻላል፣ የፊቱ ሲንሸራተት ግን መሬት ላይ ነው የምትገኙት።

የአየር መጠን ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ በመንፋት ነው። ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ "ንፋልኝ" ካላችሁ ከ50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ ተሞልቶ ሊመለስላችሁ ይችላል፤ የእሱ መለኪያ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ልዩነት አያሳይም። እንዲህ የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ እጅም ያደነዝዛል። ወደ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከመነዳሪ ባለው 2.2 ጎማ ፊት 28፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ ላይ ይጀምር። ለአምስት ኪሎ ልዩነት አንድ ፒኤስአይ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ 40 ማድረስ ይቻላል። በአውራ ጣት ጫን ብሎ መገመት አያዋጣም፤ አነስተኛ መለኪያ ይኑራችሁ፣ ጎሚስታው አስበልጦ ይንፋ፣ ትርፉን እናንተ አስተንፍሱ። በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ሳይክል ይዞ የሚመጣ ሰው "ከፍታው ስለቀነሰ አየሩ ይለወጣል" ብሎ እንዳይጨነቅ፤ ልዩነቱ አንድ ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም።

የቫልቩንም ዓይነት ከጉዞ በፊት እዩ። ወፍራሙ፣ የመኪና ዓይነቱ ሽራደር የትኛውም ጎሚስታ ቤት ይነፋል። ቀጭኑ ፕሬስታ አስማሚ ይፈልጋል፤ አስማሚውን ቫልቩ ላይ አስራችሁ ብትተዉት አይጠፋም። የቸርኬው ቀዳዳ ለፕሬስታ 6.5፣ ለሽራደር 8.5 ሚሊ ገደማ ነው። የፕሬስታ ከመነዳሪ ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ በቀለበት ይገባል፤ በተቃራኒው ግን ቸርኬውን መብሳት ይጠይቃል፣ ጠባብ ቸርኬ ከሆነ ያደክመዋል።

ጎማ ሲተነፍስ ከመለጠፋችሁ በፊት ቀዳዳውን አንብቡ። ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ካሉ አየሩ አንሶ ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። በውጭ በኩል አንድ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው። በውስጥ፣ በቸርኬው በኩል ከሆነ የራጂ ጫፍ ወይም የተንሸራተተ የቸርኬ ፋሻ ነው፤ ያን ሳታስተካክሉ ብትለጥፉ ነገም ይተነፍሳል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ስቦታል፤ አየር ማነሱን ይነግራችኋል፣ መለጠፍም አያድነውም።

የግራር እሾህ ተንኮሉ ጫፉ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ መቅረቱ ነው። ከላይ አይታይም፣ ከውስጥም በእጅ ስትዳስሱት ላይገኝ ይችላል፤ ክብደት ሲያርፍበት ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚህ ጎማ ስትገጥሙ ሁልጊዜ ጽሑፉን ከቫልቩ ትይዩ አድርጉ። ከመነዳሪው ላይ ቀዳዳው ከቫልቩ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ስትለኩ ጎማው ላይ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ቦታውን ወደ ውጭ ቀልብሱት፣ በጣት ሳይሆን በጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን የያዘው ነገር እሾኹ ነው፤ በሚስማር ጫፍ ገፍታችሁ አውጡ። ከዚያ ከመነዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ከልጣፉ ሰፋ አድርጋችሁ ስስ ቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የሚያንጸባርቀው ጠፍቶ በጣት ጀርባ ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ልጣፉን ጫኑ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ የሚላቀቀው ልጣፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ማስቲሹ ሳይደርቅ የተጫነ ነው።

ያለ ከመነዳሪ መንዳት እሾኹን በደንብ ይፈታዋል፣ አየሩንም ፊት 22፣ ኋላ 25 ድረስ ማውረድ ያስችላል። ጎማውን ቸርኬው ላይ ለማስቀመጥ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግሩም መሣሪያ ነው፤ የቫልቩን ልብ አውጡ፣ በአንድ ትንፋሽ ይግባ፣ ከ40 ፒኤስአይ ግን አይለፍ። ጎማው ውስጥ የሚጨመረው፣ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ለ29 ኢንች ጎማ 100፣ ለ27.5 ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ችግሩ ፈሳሹ መድረቁ ነው፤ በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት በየሁለት ወሩ ከፍቶ ማየት ግድ ይላል። ፈሳሹን በቀጣይነት የምታገኙበት መንገድ ከሌላችሁ አትጀምሩት፤ ደህና ከመነዳሪና ሁለት መቀያየሪያ ይሻላል።

ፍሬንን በተመለከተ፣ ቸርኬ ላይ የሚይዘው ዓይነት ጭቃ ይሰበስባል፣ ቸርኬውንም ይበላል። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ለዚህ አገር የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ ሽቦው የትም ይገኛል፣ በመንገድ ላይም ይጠገናል። የዘይት ዲስክ ያላችሁ የዘይቱን ዓይነት እወቁ፤ ሚኒራል የሚለው ውስጥ ዶት የሚባለው ሌላው የፍሬን ዘይት ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይሞታል። ሸራው ላይ የቀረው ከ0.5 ሚሊ ካነሰ ለውጡ። አዲስ ሸራ ስታስገቡ ሜዳ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ሳትቆልፉ ቀስ እያላችሁ ያዙ፤ ይህን ያልተደረገለት ዲስክ ይጮኻል፣ አይዝም። ከሁሉም በላይ ዘይት አታስነኩት፤ ካቴና ላይ ከጣሳ የሚረጭ ዘይት ግማሹ የሚያርፈው ዲስኩ ላይ ነው።

ካቴና በሞተር ዘይት አይቀባም። የጢስ አባይ መንገድ አቧራ ከሞተር ዘይት ጋር ሲቀላቀል ጥርሱን ይሞርደዋል። ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉ፣ የስፌት ማሽን ዘይት በእያንዳንዱ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደኋላ እያዞራችሁ አጠጡት፣ ከዚያ ከውጭ የሚታየውን በሙሉ ጥረጉ። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፣ ላዩ ሲነካ ደረቅ መሆን አለበት። መዳከሙን በማስመሪያ ለኩ፤ አዲስ ካቴና 24 ዓይኑ 304.8 ሚሊ ነው። 307 ሲደርስ ባለ 8፣ 9 እና 10 ማርሹ ይቀየር፤ ባለ 11 እና 12 ደግሞ ከ306 ትንሽ ሲያልፍ። ካዘገያችሁት ካቴናውን ብቻ ሳይሆን የኋላውን ጥርስ በሙሉ ትገዛላችሁ።

ርካሽ ሳይክል ላይ ሌላም ድብቅ ችግር አለ። የኋላው ጥርስ በጥምዝ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ፣ በማርሹ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ርቆ ነው የሚቀመጠው፤ ፔርኖው ያለ ድጋፍ ስለሚወጣ በድንጋይ መንገድ ይጎብጣል። ጎማው እየተንገዋለለ ፍሬሙን የሚነካ ከሆነ ራጂ ከማስተካከላችሁ በፊት ፔርኖውን አስፈትሹ።

ሾክ ላይ ብዙ አልልም። 100 ሚሊ ይበቃል። የአየር ከሆነ ሳይክሉ ላይ ስትቀመጡ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ይስመጥ፤ ከጉዞ በኋላ ምሰሶዎቹን በጨርቅ ጥረጉ።

በአካባቢው ያሉት ሦስቱ መንገዶች፣ ቤዛዊት፣ ጢስ አባይና ዘጌ፣ የሚጠይቁት ይለያያል። ቤዛዊት ከአባይ ድልድይ ማዶ ያለ አጭር ዳገት ነው፤ ፊት 32 ጥርስ ካላችሁ ኋላ ትልቁ ቢያንስ 34 ይሁን። አናቱ ላይ ያለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ቤተ መንግሥት ጥበቃ አለው፣ ካሜራ አታውጡ። ጢስ አባይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠጠር በሆነበት ቦታ መንቀጥቀጥ ስለሚበዛ የመሪውን ብሎኖች በፊትም በኋላም ፈትሹ፣ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ወደ አላታ ድልድይ የሚወርደው ድንጋያማ የእግር መንገድ ላይ መንገደኛና ከብት ስለሚበዛ ተሸክሞ መውረድ ይሻላል። የፏፏቴው ውኃ የሚበረታው በክረምት ማብቂያ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጭቃው አለ፣ ምርጫው የእናንተ ነው።

የእኔ ምርጫ ጣና ውስጥ የገባችው የዘጌ ልሳነ ምድር ናት። በገዳማቱ ልማድ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ስለሆነ በቡናው ደን ውስጥ ያለው መንገድ በኮቴ አልተቦጫጨቀም፤ በቅጠል የተሸፈነ፣ ሥር የበዛበት ጠባብ መንገድ ነው። አየሩን ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ቀንሱ፣ ሥሩን በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፤ እርጥብ ሥር ላይ ፍሬን አትንኩ። ዘመናዊ ሳይክሎች ላይ ያለው 760 ሚሊ መሪ የቡና ቅርንጫፍ ይይዛል፤ 700 ይበቃል። በሲጌቶ ከመቁረጣችሁ በፊት የፍሬን መያዣዎቹን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ከዚያም ከየጎኑ በሴንቲ ሴንቲ ቁረጡ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አካባቢ ስትደርሱ ወርዳችሁ ግፉ፣ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና ካለ ዞራችሁ እለፉ። በየብስ ሄዶ በጀልባ መመለስም ይቻላል፤ ሳይክሉን ስታስተኙ ማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን።

ከመነሣታችሁ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከዚያ አቅጣጫ ከመጡ ሹፌሮች ጠይቁ። ቦርሳ ውስጥ ሁለት ከመነዳሪ፣ ልጣፍ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ ብሩጎላ፣ የካቴና መፍቻ ከሁለት ማያያዣ ዓይኖች ጋር፣ ሁለት ሊትር ውኃና መለዋወጫ ሃንገር ይግባ። ሃንገር እንደ ፍሬሙ ይለያያል፤ ሲሰበር ከሌላ ሳይክል ተውሶ መግጠም አይቻልም፣ ስለዚህ ሳይክሉን ስትገዙ አብራችሁ አዝዙት።